ኔትወርኩ አድርሶ ነበር

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። የደወሉት የስድስት ከባድ መኪና ባለቤት ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «መኪናዬ አዳማ መውጫ ላይ ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

ሹፌሩ «ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሼ ሞተር አጥፍቻለሁ» ብሏቸዋል። እኛ የምናሳያቸው ካርታ ግን መኪናዋን ከአዳማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር አቁሟታል። ከቆመች ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏታል። የጅቡቲን መስመር ለሚያውቅ ሰው፣ ከባድ መኪና በጨለማ መንገድ ዳር ይህን ያህል ቆመ ማለት ናፍጣ በስርቆት እየተቀዳ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አይፈለግለትም። ካርታውን ከፍቼ አየሁት፤ እንዳሉት ነው። «ጋሼ፣ ኔትወርክ ይሆናል፤ ጠዋት ይስተካከላል» አልኳቸው። እውነትም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሹፌሩ ሞተር ሲያስነሳ መኪናዋ ካርታው ላይ ከአዳማ ተነሥታ በአንድ ዝላይ ሞጆ ገባች። እኔም ረሳሁት። እሳቸው ግን አልረሱም። የሹፌሩን አበል እንደቆረጡበት የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከከተማው ዳር መኖር ለእኔ ሥራ አንድ ጥቅም አለው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚነሣው ከእኛ ሰፈር በመሆኑ፣ ኮዴ ውስጥ ቁጥር ሆነው የሚያልፉት መኪኖች በእውነተኛ ጎማና ጡሩምባ ሲያልፉም እሰማቸዋለሁ። ሥራዬ መኪኖች ላይ የተገጠሙ መከታተያ መሣሪያዎች የሚልኩትን መረጃ የሚቀበለውን የሰርቨር ኮድ መጻፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ነው። ፕሮግራመር የምንባለው ሦስት ስንሆን ሰርቨሩን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ «ኔትወርክ ይሆናል» ብዬ ስልኩን ስዘጋ፣ ጥፋቱን ከራሴ ላይ አንሥቼ፣ ተከራክሮ መልስ ለማይሰጥ አካል ማሸከሜ ነበር። እዚህ አገር ኔትወርክን መውቀስ ምስክር አይጠየቅበትም።

ነገሩ እንዲገባ ከሥሩ ልነሣ። አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ ከብዙ ሺህ መሣሪያዎች ጋር ይነጋገራል። ተራውን የንባብ ትእዛዝ ቢጠቀም፣ አንድ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እያለ ሰው እስኪወጣለት የሚጠብቅ እንግዳ ይሆናል፤ ጎረቤቶቹ በራቸውን ከፍተው ቢጠሩት እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሶኬቱን፣ ማለትም ሰርቨሩ ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚነጋገርበትን በር፣ «አታስጠብቀኝ» ብለን እናዘዋለን። ያለ ነገር ካለ ይሰጠናል፤ ከሌለ «አሁን የለም» ብሎ ወዲያው ያሰናብተናል። በየደጃፉ እየዞሩ ማንኳኳትም አድካሚ በመሆኑ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን «የትኛው በር ተከፈተ?» ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ትእዛዝ አለ። ሰሌክት የተባለው እ.ኤ.አ. በ1983 4.2 ቢኤስዲ ከሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር መጣ። ዛሬ ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ የምንጠቀምበት ኢፖል ደግሞ በ2002 ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሲስተሙ እምብርት፣ ገባ።

በ1983 ይህ ጥያቄ ምንም አሻሚነት አልነበረውም። ከርነሉ ቋት (የደረሰ መረጃ እስኪነበብ የሚቆይበት ማስቀመጫ) ውስጥ ያለው ባይትና ፕሮግራሙ ሊያነበው የሚችለው ባይት አንድ ነበሩ። ምስጠራው የመጣው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ኔትስኬፕ ከተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ጋር ነው። ሲመጣም ከርነሉ ውስጥ አልገባም፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ በሚሠራ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ባዘጋጁት ኮድ፣ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ የምጠቀምበት ኦፕንኤስኤስኤልም ኤሪክ ያንግና ቲም ሀድሰን ከጻፉት ቀደም ያለ ኮድ ላይ ተነሥቶ በ1998 መጨረሻ ሥራ የጀመረ ነው። ከርነሉ ይህን ላይብረሪ አያውቀውም። በእሱ ዓይን የሚያልፈው ሁሉ ፍቺ የሌለው ባይት ነው። «የሚነበብ አለ?» ብዬ ስጠይቀው የሚመልስልኝ ስለ ራሱ ቋት ብቻ ነው፤ ከእሱ በላይ ሁለተኛ ቋት መኖሩን አልሰማም። እኔም አልሰማሁም ብል ይቀለኝ ነበር። ግን መመሪያው ላይ አንብቤዋለሁ። አንብቤ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛው ቋት ለምን እንዳስፈለገ ላስረዳ። የተመሰጠረ መልእክት የሚጓዘው በጥቅል በጥቅል ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ፊቱ ላይ 5 ባይት ራስጌ አለው፤ ርዝመቱን የሚናገረው እሱ ነው። ውስጡ እስከ 16384 ባይት ጽሑፍ ይይዛል። ዛሬ በተለመዱት የምስጠራ ዓይነቶች ደግሞ ጭራው ላይ 16 ባይት ማኅተም አለ፤ ይዘቱን መንገድ ላይ ማንም እንዳልነካካው የሚረጋገጠው በዚያ ነው። ማኅተሙ ጭራው ላይ በመሆኑ ጥቅሉ ተሟልቶ እስኪገባ ድረስ ላይብረሪው አንዲት ፊደል አይሰጥህም። ቢሰጥህ ያልተመረመረ ነገር አቀበለህ ማለት ነው። ተሟልቶ ሲገባ ደግሞ ሙሉውን ይፈታዋል፤ አንተ የጠየቅኸውን ያህል ይሰጥህና የቀረውን እሱ ዘንድ ያስቀምጠዋል።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ግራ መጋባቶች ይወለዳሉ። ቀላሉ ይህ ነው፦ ሙሉ ጥቅል ኔትወርኩ በሚያጓጉዘው የ1460 ባይት ቁራጭ፣ በፓኬት፣ ሲከፋፈል 12 ፓኬት ይወጣዋል። መስመሩ ደካማ ሆኖ ፓኬቶቹ ሲንጠባጠቡ ከርነሉ በእያንዳንዱ ጠብታ «መጣ!» ይልሃል። ላይብረሪውን ልታነብ ስትሄድ ግን «ዋንት ሪድ» ይልሃል፤ ገና ነው፣ ከሥር ተጨማሪ ማንበብ አለብኝ ማለቱ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ «ገና» ተብለህ በአሥራ ሁለተኛው 16384 ባይት በአንዴ ይሸከምልሃል። ጀማሪ «ገና»ን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ግንኙነቱን ይዘጋዋል። እኔም በጀማሪነቴ ዘግቻለሁ። ያኔም ያሳበብኩት በኔትወርክ ነው።

ሁለተኛው ተንኮለኛው ነው፤ የሹፌሩን አበል የበላውም እሱ ነው።

የእኛ መሣሪያ በየደቂቃው አንድ መልእክት ያዘጋጃል፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፍጥነት፣ የነዳጅ መጠን። አንዱ መልእክት 120 ባይት ነው። ለዳታ የሚከፈለው ገንዘብ እንዲቀንስ መልእክቶቹን አጠራቅሞ በየሰዓቱ በአንድ ላይ ይልካል። ሞተር ሲጠፋ ደግሞ የተጠራቀመውን ያህል ልኮ ግንኙነቱን ሳይዘጋ ያሸልባል። የእኔ ሰርቨር በአንድ ንባብ ቢበዛ 4096 ባይት ይወስዳል። ያነባል፣ መልእክቶቹን ይለያል፣ ወደ ኢፖል ይመለሳል። ይህ ኮድ ያለ ምስጠራ ሦስት ዓመት አንድም ቀን ሳያሳፍረኝ ሠርቷል። 4096 ወስዶ 3000 ቢተርፍ፣ የተረፈው ከርነሉ ዘንድ ስላለ ኢፖል ወዲያው «ገና አለ» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ አንድ ደንበኛ የመኪኖቼ ቦታ በግልጽ መላክ የለበትም አለ። ትክክል ነበር። ሁለት ሳምንት ሠርቼ ተራውን የንባብ ትእዛዝ በላይብረሪው የንባብ ትእዛዝ ተካሁት። ሞከርኩት፤ ሠራ። የሞከርኩት በአሥር መልእክት ነበር።

የአበሉን ነገር የሰማሁ ቀን ማታ ቤት ስገባ መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚህ ቀደም ሁለት ዓይነት አቤቱታ ይደርሰን ነበር፤ አንዳንዱ መኪና ማታ የጠፋው ጉዞ ጠዋት ይመጣለታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሳይመጣለት ይቀራል። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስሉኝ ስለነበር አንዱን ለሌላው ሥራ ባልደረባዬ ሰጥቼው ነበር። ያን ማታ ሰርቨሩን በራሴ ላፕቶፕ ላይ አስነሣሁና መሣሪያ መስሎ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። 60 መልእክት በአንድ ጥቅል፤ 7200 ባይት። ላክሁ።

34 መልእክት ደረሰ።

ደግሜ ላክሁ። መጀመሪያ የቀሩት 26 ገቡ፤ ቀጥሎ ከአዲሶቹ ከፊሎቹ። ፕሮግራሙን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩና ከመነሻው ጀመርኩ። አሁንም 34። አንድ ቁጥር እንዲህ ሲደጋገም ከኔትወርክ የመጣ አይደለም፤ ኔትወርክ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የለውም። 4096ን ለ120 ስታካፍለው 34 ይደርስና 16 ይተርፋል። የ35ኛው መልእክት 16 ባይት ብቅ ብላ፣ የቀረ አካሏን እየጠበቀች ማህደረ ትውስታዬ ውስጥ ተቀምጣለች።

ኤስትሬስን ከፈትኩ። አንድ ፕሮግራም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚለዋወጠውን ቃል ሁሉ የሚያዳምጥ መሣሪያ ነው፤ ከጥርጣሬዎቼ ይልቅ እሱን ማመን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እንደገና 60 መልእክት ላክሁ። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ወጣ። ንባብ፤ 5 ባይት ተጠየቀ፣ 5 ተሰጠ። ንባብ፤ 7217 ባይት ተጠየቀ፣ 7217 ተሰጠ። ኢፖል፤ እየጠበቀ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

7217ን ለረጅም ጊዜ አየሁት። 7200 የእኔ መልእክት፣ 1 ባይት ቲኤልኤስ በሚባለው የምስጠራ ደንብ በ1.3 ቅጂው የጥቅሉን ዓይነት የምትናገር፣ 16 ማኅተም። ሁሉም ገብቷል። ከርነሉ ዘንድ ጠብ የሚል የለም። «የሚነበብ አለ?» ሲባል «የለም» ያለው እውነቱን ነው። የቀረው እኔው ፕሮግራም ውስጥ፣ እኔው በጫንኩት ላይብረሪ ሆድ ውስጥ ነው፤ ተፈትቶ፣ ተመርምሮ፣ ተዘጋጅቶ። ላይብረሪው የያዘውን የሚናገር ፔንዲንግ የሚባል ፈንክሽን አለው። ከንባቡ በኋላ አንድ መስመር ጨምሬ ጠየቅሁት። 3104 አለኝ። 7200 ሲቀነስ 4096።

አቤቱታዎቹም ሁለት አልነበሩም። ጠዋት ሞተር ሲነሣ መሣሪያው በዚያው ግንኙነት አዲስ ጥቅል ከላከ ኢፖል ይነቃል፤ ሰርቨሩ ሲያነብ መጀመሪያ የሚያገኘው የትናንቱን ትራፊ ነው። መኪናዋም ከአዳማ ወደ ሞጆ ትዘላለች። ሌሊት ግንኙነቱ ሞቶ ከሆነና መሣሪያው ጠዋት አዲስ ከከፈተ ግን አሮጌውን እኔው በጽዳት ሰዓቴ እጥለዋለሁ፤ ትራፊውም አብሮ ይቀበራል።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከምድር ቤት የጀሪካን ድምፅ ተሰማ። ውሃ መጥቷል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሰው በሚተኛበት ሰዓት ነው። ከብሎኩ ጀርባ በመዋጮ የገዛነው ሮቶ አለ፤ ሌሊት ከዋናው መስመር ይሞላና ቀን ከእሱ እየቀዳን እንውላለን። መብራት ስለሌለ በስልኬ መብራት እየታገዝኩ ሁለት ጀሪካን ይዤ ወረድኩ። የምድር ቤቷ እናት ቀድመውኝ ቆጣሪው አጠገብ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አደግድገው መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አሳርፈዋል። ውሃ መኖሩን የሚያውቁት በመዳፋቸው ነው፤ ቧንቧው ይርዳል ይላሉ።

«ምነው ልጄ፣ እስካሁን አልተኛህም? መብራትህን ከታች አየሁት።»

«ሥራ ነው እማማ። የጠፋ ነገር ስፈልግ።»

«አገኘኸው?»

አግኝቼዋለሁ አልኳቸው፤ ደስታዬን የምነግረው ሰው ስለፈለግሁ ማብራራት ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ የገባው አዲሱ ተከራይ ትዝ ይልዎታል፤ በገባ ሰሞን ቀን ቀን ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ቧንቧ እየከፈተ ደረቅ ሲሆንበት፣ ሮቶው ከጀርባው ሙሉ ሆኖ እያለ ከጋሪ ውሃ ሲገዛ አንድ ሳምንት ከረመ። የእኔ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው አልኳቸው፤ መስመሩን ያያል፣ ደረቅ ነው ይላል፣ ይተኛል።

እማማ ጀሪካናቸውን ከቧንቧው ሥር አስተካከሉ። «ታዲያ መጀመሪያ ሮቶውን አያይም?» አሉኝ።

ማስተካከያው ይኸው ነው። ከሥሩ ያለውን ሶኬት ከመጠየቅህ በፊት ላይብረሪውን አሟጥጥ። «ዋንት ሪድ» እስኪልህ ደጋግመህ አንብብ፤ ወደ ኢፖል የምትመለሰው እሱ «የለኝም» ካለህ በኋላ ብቻ ነው። ፔንዲንግን እየጠየቁ መሥራትም ይቻላል፤ ነገር ግን እሱ የሚቆጥረው የተፈታውን ብቻ ነው። ላይብረሪው ከከርነሉ አስቀድሞ አብዝቶ እንዲያነብ ከተዋቀረ፣ ገና ያልተፈታ ጥቅል በእጁ ይዞ ፔንዲንግ ዜሮ ሊልህ ይችላል። ለዚህ ነው በኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ቅጂ ሃዝ ፔንዲንግ የሚባል ሌላ ፈንክሽን የታከለው። እኔ እስኪደርቅ ማንበቡን መረጥኩ። አምስት መስመር ኮድ ነው። በአራት መቶ መስመር ፋይል ውስጥ አምስት መስመር።

አምስቱ መስመሮች በሳምንቱ ሌላ ነገር አመጡ። አንድ የተበላሸ መሣሪያ የአራት ቀን መረጃ በአንድ ትንፋሽ ሲያወርድ፣ የእኔ ሰርቨር «እስኪደርቅ» እያነበበ ሌሎቹን ሁሉ ረሳ። ሮቶ ሥር ሃያ ጀሪካን ደርድሮ ወረፋ የያዘ ጎረቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ገደብ አበጀሁ፤ ለአንድ ግንኙነት በአንድ ዙር ከ64 ሺህ ባይት አይበልጥም። ልብ በሉ፣ ገደብ ካበጃችሁ ግን ሳታሟጥጡ ትታችሁ ልትሄዱ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመልሳችኋል። ያልተሟጠጡትን በራሳችሁ ዝርዝር መያዝ፣ ዝርዝሩ ባዶ እስካልሆነ ድረስም ኢፖልን ያለ ምንም ቆይታ ጠይቆ ወደ እነሱ መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ሁለተኛ ዝርዝር የረሳ ኮድ ብዙ አይቻለሁ፤ የገደቡን መስመር ሲጽፉ በጣም ብልህ እንደሆኑ ስለሚሰማቸው ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ የተቀሩትን ጉድጓዶች ሳልወድቅባቸው ልለያቸው ብዬ መመሪያውን እንደ ፈተና ተማሪ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ካገኘኋቸው ሁሉ የገረመኝ፣ ለማንበብ መጻፍ ሊያስፈልግ መቻሉ ነው። ላይብረሪውን «ስጠኝ» ትለዋለህ፤ እሱ «ዋንት ራይት» ይልሃል፤ ለማንበብ መጀመሪያ የምጽፈው አለኝ ነው ነገሩ። በመግቢያው የቁልፍ ልውውጥ ጊዜ ይህ የታወቀ ነው። በቲኤልኤስ 1.2 ግን በጉዞ መሀል እንደገና መደራደር ይቻል ስለነበር፣ ጸጥ ብሎ ሲያነብ የነበረ ግንኙነት ድንገት መጻፍ ሊያምረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 1.3 ድርድሩን አስቀርቶታል፤ ሆኖም በመሀል ቁልፍ የማደስ መልእክት ትቶልናል። ስለዚህ ሶኬቱ ለመጻፍ ሲመች አሳውቀኝ ብለህ ኢፖልን ትጠይቃለህ፤ ሲያሳውቅህ ደግሞ የምትጠራው የመጻፊያውን ሳይሆን ያንኑ የንባብ ትእዛዝ ነው። ኮዴ ውስጥ «ሊነበብ ሲችል አንብብ፣ ሊጻፍ ሲችል ጻፍ» የሚል ቆንጆ ሁለት መስመር ነበረኝ። አሁን በእሱ ቦታ «ማን ምን እየጠበቀ ነው» የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ ቆንጆ አይደለም።

የስሕተት መዝገቡም አለ። ላይብረሪው የገጠመውን ስሕተት ለእያንዳንዱ የሥራ ክር (ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው የሥራ መስመሮች አንዱ) በተመደበ ወረፋ ላይ ይመዘግባል፤ ምን ሆነ ብለህ ስትጠይቀው ያንን ወረፋ ያያል። አንድ ክር ደግሞ ሺህ ግንኙነት ያስተናግዳል። ከአንዱ ግንኙነት የተረፈ ስሕተት ሳይጸዳ ከቆየ፣ ቀጥሎ የመጣው ጤነኛ ግንኙነት «ገና» ሲል አንተ «ጥፋተኛ» ብለህ ታነበዋለህ፤ ባላጠፋው ትዘጋበታለህ። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት ወረፋውን ባዶ ማድረግ ነው። አንድ መስመር ነው፤ ያንን መስመር ስጽፍ የሹፌሩ ነገር ከሐሳቤ አልጠፋም።

ስለ አዘጋግ ብዙ አልልም። በሥርዓት የሚሄድ ወገን የመሰናበቻ መልእክት ይልካል፤ መሰናበቻ ሳይኖር የተቆረጠ ግንኙነት መሀል መንገድ ላይ ሆን ብሎ የተቆረጠ ሊሆን ስለሚችል ላይብረሪው ይለየዋል፤ በ3.0 ቅጂ ደግሞ ይህን በግልጽ ስሕተት ብሎ ይጠራዋል። የእኛ መሣሪያዎች ባትሪ ሲነቀልባቸው አይሰናበቱም። የኔታ ፊት እንዳልተማረ ልጅ ዝም ብለው ይወጣሉ። ለምጄዋለሁ።

ከእኔ በዕድሜ የሚያንሰው ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው «ለምን ጎ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንጽፈውም? እዚያ ይህ ሁሉ የለም» አለኝ። ልክ ነው፣ አይታይም። እዚያ እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱ ትንሽ ሠራተኛ ተመድቦለት የሚጠብቅ እየመሰለ ይጻፋል፤ ከሥር ሆኖ ሁለቱን ቋት የሚያመላልሰው ሌላ ሰው የጻፈው ኮድ ነው። ሮቶው እዚያም አለ፤ ግድግዳ ውስጥ ነው የተቀበረው። ሊኑክስ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለመላኪያው፣ ከ2018 ጀምሮ ለመቀበያው፣ ጥቅሎቹን የመመስጠርና የመፍታት ሥራ ከርነሉ ራሱ እንዲሠራው የሚያስችል መንገድ ከፍቷል። ወደዚያ ብንሄድ ኢፖል ስለ ሁለቱም የሚያውቅ ይሆናል። እሄዳለሁ እያልኩ ነው። ገና አልሄድኩም።

አዲሱን ኮድ ሰርቨሩ ላይ ከጫንኩ በኋላ ቢሮ ውስጥ ለደንበኞች የሚላከው መልእክት ተዘጋጀ። «በኔትወርክ ችግር ምክንያት ይታይ የነበረው መዘግየት ተስተካክሏል» ይላል። ኃላፊዬን እንዲህ አይደለም አልኩት። «ማን ይረዳሃል?» አለኝ። መልእክቱ ተላከ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ከሰፈር ሆኜ ለባለመኪናው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስለዚያ ሌሊት ነው። መኪናዎ አዳማ መውጫ ላይ ቆማ ታየችኝ ስላሉት።»

«ኔትወርክ ነው አላልከኝም እንዴ?»

«ብዬዎት ነበር። አልነበረም። ኔትወርኩ አድርሶ ነበር፤ እኛ ዘንድ ደርሶ ነው የተቀመጠው።»

«እናንተ ዘንድ የት?»

ስለ ሮቶው ልጀምር ስል አቋረጡኝ። «እሱን ተወው። ልጁ ቆሞ ነበር ወይስ አልቆመም?»

የዚያን ሌሊት መዝገብ ከፊቴ ከፍቼ ነበር። 58 መልእክት ነው የተላከው፤ 34ቱ ማታውኑ ካርታው ላይ ወጥተዋል፣ 24ቱ ጠዋት። ሰዓቱን የሚጽፈው መሣሪያው ራሱ ስለሆነ ዘግይተው ቢደርሱም ሰዓታቸው አልተለወጠም። ማታ የታየችው የመጨረሻዋ ነጥብ የ1 ሰዓት ከ46 ናት፤ ሞተር የጠፋው 2 ሰዓት ከ10 ላይ፣ ሞጆ።

«አልቆመም ጋሼ። ሃያ አራት ደቂቃ ነድቶ ነው የገባው። አንድም ቦታ አልቆመም።»

ዝም አሉ። ከወዲያ በኩል የሞተር ድምፅና የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ጋራዥ ሳይሆኑ አይቀርም።

«ይህንን በወረቀት አድርገህ፣ ማኅተም አስመትተህ ላክልኝ» አሉኝ። «ለልጁ እኔው ራሴ አሳየዋለሁ።»

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ ነው። የመኪናዋ ሰሌዳ፣ ቀኑ፣ 1 ሰዓት ከ46፣ 2 ሰዓት ከ10፣ ከዚያም «መዘግየቱ የተፈጠረው በእኛ ፕሮግራም ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር። ማኅተሙን ለማስመታት አራት ቀን ፈጀብኝ።